ግቢያችሁ ውስጥ የበቀለውን እሾሃማ ተክል ከመንቀላችሁ በፊት

ቀበና ወንዝ አጠገብ ባደግኩበት ግቢ፣ ከኩሽናው ጀርባ፣ አንድ እሾሃማ ቁጥቋጦ ነበር። ማንም አልተከለውም። ኳሳችን እዚያ ከገባች ተበስታ ነው የምትወጣው። አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ አባቴ የቀን ሠራተኛ ጠርቶ ከነሥሩ አስነቀለው፤ እኔም ደስ እያለኝ ቅርንጫፉን እየጎተትኩ ወደ ውጭ አወጣሁ። አጋም መሆኑን ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሰሜን ሸዋ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ የአክስቴ ልጅ ጥቁር ፍሬ ለቅማ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቅጠሉን አየሁት፣ እሾሁን አየሁት፣ ያው የኛው ነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ገጀራ ከማንሳታችሁ በፊት ስሙን እወቁ። ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም «እሾህ» ናቸው። ቀረብ ብላችሁ ስታዩ ግን አንዱ ልጆቻችሁ የሚበሉት ፍሬ ነው፣ አንዱ ለበዓል የገዛችሁትን በግ የሚመርዝ ነው፣ አንዱ ደግሞ ወተቱ ዓይን የሚያጠፋ ነው። ለማወቅ የእፅዋት ተማሪ መሆን አያስፈልግም። ግማሽ ሰዓትና ትዕግሥት ይበቃል።

በቅድሚያ ከየት መጣ የሚለውን አስቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፤ ይህ ብቻውን ብዙ ስም ከዝርዝሩ ያስወጣላችኋል። የአፋሩ ፕሮሶፒስ ወይም የቆላው ቁርቁራ አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ በራሱ ይበቅላል ብላችሁ አትጨነቁ። እዚህ የምታገኙት የደጋና የወይና ደጋ ተክል ነው፣ ወይም ከጎረቤት ግቢ ያመለጠ። ቦታውም ይናገራል። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር፣ ከቆርቆሮ አጥር ሥር፣ ከትልቅ ዛፍ ሥር የበቀለ ነገር ብዙውን ጊዜ ወፍ የዘራው ነው፤ ወፏ ፍሬ በልታ እዚያ ታርፋለች፣ ፍሬው ከኩሷ ጋር ይወርዳል። ወፍ የበላችው ሁሉ ግን ለሰው ይሆናል ማለት አይደለም፣ ይህን ያዙልኝ። በቀበናና በግንፍሌ ወንዞች ዳር ያላችሁ ደግሞ ከገደሉ ላይ ቀስ እያለ የሚወጣ ቁጥቋጦ አይጠፋባችሁም።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ቀላል ነው፦ ወፍራም ጓንት፣ የአትክልት መቀስ፣ ነጭ ወረቀት፣ የድሮ ጋዜጣ፣ ስልካችሁ። ሸሚዝ እጅጌው ረጅም ይሁን። ልጆች አብረዋችሁ ቢያዩ ደስ ይለኛል፣ ግን አይንኩ።

አንድ፦ እሾሁን በአውራ ጣት ግፉት

ሰው ሁሉ እሾሁን አይቶ የሚሸሸው ነገር ለኔ ዋናው መታወቂያ ነው። እሾህ ሁሉ አንድ አይደለምና። ጓንት አድርጋችሁ እሾሁን ከጎኑ በአውራ ጣት ገፋ አድርጉት። ሦስት ነገር ሊያጋጥማችሁ ይችላል።

ከቆዳው ላይ ቀጭ ብሎ ከተነሳና ከሥሩ ትንሽ ጠባሳ ብቻ ትቶ ከሄደ፣ ያ እሾህ ከልጡ የበቀለ ነው፣ ከውስጡ እንጨት ጋር አልተያያዘም። ቀጋ፣ እንጆሪ፣ ቆርች እንዲህ ናቸው። እነዚህ እሾሆች በግንዱ ላይ እንደተገኘ ተበትነው ነው የሚገኙት፣ ሥርዓት የላቸውም።

አልነሳም ካለና ስትገፉት ቅርንጫፉ አብሮ ከተንቀሳቀሰ፣ እሾሁ ራሱ ሹል የሆነ ቅርንጫፍ ነው። ብትቆርጡት ውስጡ እንጨት ነው። አጋም፣ ኮሽም፣ አጣጥ፣ ሎሚ፣ ቡገንቪሊያ እዚህ ይገባሉ። እነዚህ ሁልጊዜ ቅጠሉ ከሚወጣበት ቦታ ላይ ወይም ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ነው የሚወጡት።

ሦስተኛው፣ ከእያንዳንዱ ቅጠል ሥር ሁለት ሁለት ሆነው እንደ ቀንድ የቆሙ ናቸው። ይህ የግራር ምልክት ነው። እሾሆቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ብዙ ጊዜም ነጣ ይላሉ።

ይህን አንድ ሙከራ ብቻ ስትሠሩ ግምታችሁ ከሃያ ተክል ወደ አራት አምስት ይወርዳል። እኔ ስልክ ከማውጣቴ በፊት ሁልጊዜ በዚህ ነው የምጀምረው።

እሾሁ ግንዱ ላይ ሳይሆን ቅጠሉ ላይ ከሆነስ? የቅጠሉ ጠርዝ ሁሉ ተሰነጣጥቆ በየጫፉ እሾህ ካለው፣ አበባውም ቀይ ወይም ብርቱካንማ ከሆነ፣ ኮሸሽላ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ ተክል ነውና ቦታ ካላችሁ ተዉት። አበባው ሲፈነዳ ረጅም ምንቃር ያላት የአበባ ማር የምትቀስም ወፍ ትመጣለታለች፤ ጠዋት ቡና ይዞ ለሚቀመጥ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

ሁለት፦ ቅጠሉ እንዴት እንደተደረደረ እዩ

አንድ ስንዝር የሚሆን ቅርንጫፍ ቁረጡና ነጭ ወረቀት ላይ አስተኙት። ቅጠሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይተያያሉ? ወይስ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ? ከዚያ ደግሞ አንዱ ቅጠል ሙሉ ነው ወይስ ወደ ትንንሽ ቅጠሎች የተከፋፈለ?

ፊት ለፊት የሚተያይ፣ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ ሙሉ ቅጠል፣ እሾሁም እንደ ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ከቆመ፣ አጋም ብላችሁ ጠርጥሩ። እየተፈራረቀ የሚሄድ የሚያብረቀርቅ ቅጠል፣ በየቅጠሉ ሥር አንድ ረጅምና ቀጥ ያለ እሾህ ከሆነ ኮሽም ሊሆን ይችላል። የኮሽም እሾህ ሲበዛ ረጅም ነው፣ ጫማ ይበሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ለአጥር የተተከለው ኮሽም ሁሉ ደግሞ አገር በቀሉ አይደለም፤ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ዘመዱም አለ፣ ሰው ሁለቱንም ኮሽም ይላቸዋል። የሁለቱም ፍሬ ቢጫ ሆኖ የሚበስል፣ ክብ፣ በጣም ኮምጣጣ ነው፤ ማርማላታ ይሠራበታል። አንድ ነገር ግን እወቁ፣ ኮሽም ወንድና ሴት ዛፍ ለየብቻ ነው። ለዓመታት አብቦ ፍሬ ያልሰጠ ኮሽም ካላችሁ በሽታ የለበትም፣ ወንድ ይሆናል።

አጣጥም ቅጠሉ ይፈራረቃል፣ ግን የቅጠሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥቃቅን ነው፣ ፍሬውም የሚበላ ሳይሆን ሲደርስ የሚከፈት ትንሽ ቀይ ነገር ነው።

ወደ ተከፋፈሉት ስንመጣ፣ ሦስት ሰፋፊ ቅጠል በአንድ አገዳ ላይ፣ ግንዱ ላይ የተበተነ እሾህ፣ አበባው ደማቅ ቀይ ከሆነ ቆርች ነው። ቅርንጫፉን ቆርጣችሁ መሬት ብትሰኩት ይበቅላል፣ ለዚህ ነው ገበሬ ለሕያው አጥር የሚወደው። ፍሬው ውብ ነው፣ ግን መርዛማ ነው፣ ልጆች አንገት ላይ ለማድረግ ብለው በጥርስ እንዳይበሱት።

አምስት ወይም ሰባት ሆነው ላባ የመሰሉ፣ ጠርዛቸው ጥርሳም የሆኑ ትንንሽ ቅጠሎች፣ እሾሁ ደግሞ ወደ ታች የተቆለመመ ከሆነ ቀጋ ነው። ቀጋ ከሰሃራ በታች በተፈጥሮ የሚገኝ ብቸኛው ጽጌረዳ ነው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ የዓለም ሰው ጽጌረዳችንን በሣጥን ከኛ ይገዛል፣ የራሳችንን ጽጌረዳ ግን እሾህ ነው ብለን እንነቅላለን። አበባው ነጭ ነው፣ አምስት ቅጠል ብቻ አለው፣ ሽታው ደስ ይላል። ፍሬው ሲበስል ቀይ ወደ ብርቱካንማ ይሄዳል። ይበላል፣ ግን ሥጋውን ብቻ፣ ምክንያቱም ውስጡ ያለው ፍሬ ፀጉር አለው፣ ጉሮሮ ያሳክካል።

እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው። ድሮ በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ ተቀጥሎ የተገዛ ጽጌረዳ ግቢያችሁ ውስጥ ካለ፣ ዋናው ሞቶ ሥሩ ላይ የነበረው ሌላ ዓይነት ጽጌረዳ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። አበባው ሲፈካ እሱ ራሱ ይነግራችኋል።

ግራርን ደግሞ በጥቃቅን ቅጠሉ ታውቁታላችሁ። አንዱ ቅጠል ብዙ ጊዜ ተከፋፍሎ እንደ ላባ ነው፣ አናቱ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል፣ አበባው ትንንሽ ነጣ ያለ ኳስ ነው። ወጣቱ ላይ እሾሁ ይበዛል፣ ሲያረጅ እየቀነሰ ይሄዳል። ላባ የመሰለ ቅጠል ኖሮት ጭራሽ እሾህ ከሌለው ግን ዲከረንስ ወይም ጃካራንዳ ይሆናል፣ በግራር አትቀይሩት። ግራር ትልቅ ዛፍ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ከቤቱ መሠረት አንድ ሜትር ላይ የበቀለ ከሆነ ገና ሳለ ወስኑ።

ሦስት፦ ቅጠሉን ቀንጥሱ፣ ወተት አለው?

ይህን ስትሠሩ ዓይናችሁን አርቁ፣ ከጨረሳችሁ በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። አንድ ቅጠል ቀንጥሱና ሥሩን እዩት። ነጭ ወተት ከወጣው አጋም ወይም ከቁልቋል ወገን ነው። አጋም ትንሽ ነው የሚያወጣው። ቁልቋል ግን ይፈሳል፤ ያ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ቃጠሎ ያመጣል፣ ለጊዜውም ቢሆን ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ ግንዱ አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ ጎድን ጎድን ያለው፣ በየጎድኑ ላይ ጥንድ ጥንድ እሾህ የተደረደረበት ነገር ካያችሁ መቀንጠስም አያስፈልግም፣ ቁልቋል ነው። በድንገት ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ እያፈሰሳችሁ እጠቡና ሐኪም ቤት ሂዱ። በለስ ይመስለኛል የምትሉ፣ በለስ ጠፍጣፋ ነው፣ ብትቆርጡትም ነጭ ወተት የለውም። የበለስ ችግሩ ትልቁ እሾህ ሳይሆን ዓይን የማያያቸው ፀጉር መሳይ እሾሆቹ ናቸው፤ በባዶ እጅ ከነካችሁት ቀኑን ሙሉ ስታሳክኩ ትውላላችሁ።

አሁን ስለ አጋም አንድ ነገር ልበል፣ ይህን ሳታነቡ እንዳትሄዱ። መረንዝ የሚባል ዛፍ አለ። ቅጠሉ እንደ አጋም ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ነው፣ ፊት ለፊት ይተያያል፣ ወተት አለው፣ አበባው ነጭና ጥሩ ሽታ ያለው ነው፣ ፍሬውም ሲበስል ጠቆር ይላል። ለቀስት መርዝ ይቀመም የነበረው ከሱ ነው። ልዩነታቸው ቀላል ነው፦ መረንዝ እሾህ የለውም። አጋም አለው። እሾህ የሌለው «አጋም» የሚባል ነገር ማንም ቢሰጣችሁ አትቅመሱ። አያችሁ፣ ስንረግመው የኖርነው እሾህ እዚህ ላይ የሕይወት መድን ነው።

ወተት ከሌለው ቅጠሉን ፍጩትና አሽትቱት። የሎሚ ሽታ ከሸተታችሁ ጥያቄው አለቀ። የሆነ ሰው የጣለው የሎሚ ወይም የብርቱካን ፍሬ በቅሎ ነው። ከፍሬ የበቀለ ሎሚ ልጅ ሳለ እሾሁ ስለሚበዛ ብዙ ሰው ዱር መስሎት ይነቅለዋል። ታገሡት፣ ፍሬ ለመስጠት ጥቂት ዓመታት ይፈልጋል።

ሽታው ከባድና የሚረብሽ ከሆነ፣ ቅጠሉም ሻካራ ሆኖ ፊት ለፊት የሚተያይ፣ ግንዱ አራት ማዕዘን፣ በላዩም ጥቃቅን እሾህ ያለው፣ በአንድ አበባ እቅፍ ላይ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ሮዝ አብረው ካሉ፣ ላንታና ነው። የወፍ ቆሎ የሚሉትም አሉ። ከውጭ ለጌጥ መጥቶ ያመለጠ ተክል ነው። ያምራል፣ አልክድም። ግን በግ፣ ፍየል፣ ላም ከበሉት ጉበታቸውን ይጎዳል፣ ቆዳቸውም ፀሐይ መቋቋም ያቅተዋል። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ የተገዛ በግ ሁለት ሦስት ቀን ግቢ ውስጥ ታስሮ የሚቆይባችሁ ሰዎች፣ ገመዱ እዚህ ተክል ጋ እንዳይደርስ። አረንጓዴ ፍሬውም ለልጆች መርዝ ነው። ይህንን ከነሥሩ አውጡት፣ አላዝንላችሁም።

አራት፦ አበባና ፍሬ ጠብቁ

እስካሁን ያደረግነው ግምት ነው። የሚያረጋግጠው አበባና ፍሬ ነው። አሁን ምንም ካላበበ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ቀኑን መዝግቡ፣ በየወሩ ተመልሳችሁ እዩት። አንድ ዓመት ቢፈጅ ምን አለ? እዚያው የቆመ ነገር ነው።

ፎቶ ስታነሱ ከሩቅ ሙሉውን፣ ከቅርብ እሾሁን፣ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ፣ አበባውን ከጎንና ከፊት። ለመጠን ሳንቲም ወይም እስክሪብቶ አጠገቡ አስቀምጡ። ተክል የሚለዩ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ፣ እኔም እጠቀማለሁ፣ ግን የሚሰጧችሁን ስም እንደ ጥቆማ ውሰዱት እንጂ እንደ ፍርድ አትውሰዱት። ፍሬውን ለመብላት መተግበሪያ ብቻ ማመን በፍጹም አይሆንም።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ሁለት ፍሬዎች አሉ። አንዱ እምቧይ ነው። ግንዱም ቅጠሉም እሾህ አለው፣ የቅጠሉ ጀርባ ነጣ ይላል፣ አበባው ሐምራዊ፣ ፍሬው ክብ ሆኖ ሲበስል ቢጫ ነው። «የእምቧይ ካብ» የምንለው ከሱ ነው፤ ድብልብል ስለሆነ ተክቦ አይቆምምና። ልጆች እንደ ብይ ይጫወቱበታል። መርዛማ ነው፣ አይቀመስም። ሁለተኛው አስተናግር ነው፣ አጤ ፋሪስም ይሉታል። ግንዱ እሾህ የለውም፣ ፍሬው ግን እንደ ጃርት ነው። ነጭ እንደ ጡሩምባ የረዘመ አበባ፣ መጥፎ ሽታ፣ ሲፈነዳ በአራት የሚከፈል ፍሬ፣ ውስጡ ጥቁር ዘር። ቆሻሻ በተጣለበትና በተቆፈረ አፈር ላይ ሁሉ ይበቅላል። ልጅ ዘሩን ከበላ ጠዋትን አትጠብቁ፣ የተክሉን ቁራጭ ይዛችሁ ወዲያው ሐኪም ቤት።

እንጆሪን ማንም አያጣውም፤ ትንንሽ ኳሶች ተሰብስበው የሠሩት ፍሬ ነው። ረዘም ብሎ ጎንበስ የሚል አገዳው መሬት ሲነካ እንደገና ሥር ይሰዳል፣ ስለዚህ በአጥር ከልሉት፣ አለበለዚያ ግቢውን ይወርሳል።

ቀንጠፋ መሐል ከተማ ብዙ አያጋጥምም፣ ከወንዝ ዳር ግን ይወጣል። እሾሁ እንደ ድመት ጥፍር የተቆለመመ ነው፣ ፍሬው ቀይና ክንፋም። ልብሳችሁን ከያዘው ወደ ፊት አትጎትቱ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱና አላቁት። በጎንደር ዘመን ንጉሥ ሊንቀሳቀስ ሲል በመንገዱ ያለው ቀንጠፋ ይቆረጥ ተብሎ አዋጅ ይነገር ነበር ይባላል፤ አንዴ ለያዘው ሰው ይህ ግልጽ ነው።

አሁንም ካልለያችሁት

አበባ ወይም ፍሬ ያለው አንድ ስንዝር ተኩል ቅርንጫፍ ቁረጡ። በጋዜጣ መሐል ዘርጉት፣ አንዱን ቅጠል ገልብጡት፣ ጀርባው እንዲታይ። ከላይ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት። ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ፣ አለበለዚያ ይሻግታል። ሲደርቅ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ከየት እንደተቆረጠ፣ መቼ፣ ቁመቱ ስንት እንደነበር፣ አበባው ትኩስ ሳለ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው፣ ወተት ይኑረው አይኑረው። አራት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ግቢ ውስጥ ብሔራዊ የእፅዋት ሙዚየሙ፣ ሄርባሪየም የሚሉት፣ አለ። ባለሙያዎቹ የሚሠሩት እንዲህ በደረቀ ናሙና ነው። የቆመውን ተክል ማየት የምትፈልጉ ደግሞ ጉለሌ እፅዋት ማዕከል አንድ ቅዳሜ ሂዱ፣ ቅርንጫፋችሁን ይዛችሁ አወዳድሩ። ከገጠር የመጡ ትልልቅ ሰዎችንም ጠይቁ። ሰፈራችን አንዲት እማማ አሉ፣ ቅጠል ሳያዩ በእሾሁ ብቻ ስሙን ይነግሩኛል።

እሾህ ከወጋችሁ

በሳሙናና በውሃ እጠቡት። ተረቱ እሾህን በእሾህ ይላል፣ እናንተ ግን በእሳት በተለበለበ መርፌ ወይም በንጹሕ ወረንጦ አውጡት። ጫፉ ውስጥ እንዳይቀር ተመልከቱ። በተለይ የዘንባባ ቅጠል ሥር ላይ ያለው እሾህ ተሰባሪ ነው፤ የጣት ወይም የጉልበት መገጣጠሚያ ላይ ገብቶ ከቀረ ከሳምንታት በኋላ እብጠት ያመጣል። እንዲህ ካበጠ ቤት ውስጥ አትነካኩት፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰዳችሁ የቆየ ከሆነም እዚያው ንገሯቸው።

ለመቁረጥ ከወሰናችሁ

በጋራ ግቢ የምትኖሩ መጀመሪያ ጎረቤቶቻችሁን አናግሩ፤ እናንተ እሾህ የምትሉትን አንዱ ለአጥር፣ አንዷ ለመድኃኒት ትፈልገው ይሆናል። አጋምና ቀጋ መነቀል ሳይሆን መከርከም ነው የሚያስፈልጋቸው። ፍሬው ካለቀ በኋላ ወደ መተላለፊያው የወጣውን ቁረጡ፣ ወደ አጥሩ የዞረውን ተዉ። በሁለት ሦስት ዓመት ሌባም ድመትም የማያልፈው አጥር ይሆናል። ላንታናን ግን ከላይ ብቻ ብትቆርጡት ከሥሩ ይመለሳል፣ ዝናብ ዘንቦ አፈሩ ሲለሰልስ ቆፍራችሁ አውጡት።

የተቆረጠውን እሾህ ደጅ መንገድ ላይ አትጣሉት። ልጆች በነጠላ ጫማ የሚሮጡበት ነው። ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ አትክተቱት፣ በስቶ ይወጣና የሚሸከመውን ሰው ይወጋል። በመቀስ ስንዝር ስንዝር አድርጋችሁ ቆራርጡት፣ እሾሁ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲዞር ደርድሩት፣ በገመድ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ከዚያ በካርቶን ጠቅልላችሁ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ እሾህ መሆኑን ነግራችሁ በእጃቸው ስጡ።